እሾሁ ይቅደም፦ ሳይክልን ቤት ውስጥ የመጠገን መመሪያ

ልጅ ሳለሁ ባህር ዳር፣ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ነበሩ። ዕቃቸው አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ መንፊያና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። አንድ ቀን ጎማዬ ተነፈሰና ቤት ውስጥ ራሴ ለጠፍኩት። በማግስቱ ተነፈሰ። ደግሜ ለጠፍኩት፤ ደግሞ ተነፈሰ። በሦስተኛው ቀን እየገፋሁ ወሰድኩላቸው። እሳቸው የለጠፍኩትን እንኳ አላዩም። ጣታቸውን በውጭው ጎማ ሆድ ውስጥ ቀስ እያሉ አስኬዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ፣ ከዚያ በፒንሳ አንዲት የኩርንችት ጫፍ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። «ልጄ፣ እሾሁን ሳታወጣ ብትለጥፍ ነገም እዚሁ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ብሎን ከመፍታቴ በፊት ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ከታች የጻፍኩት ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ሳይክል ለማታውቁም ሰዎች ይሆናል። ዋናው የሚያስፈልጋችሁ ትዕግሥት ነው፤ ዕቃው ጥቂት ነው።

ዕቃ

15 ቁጥር መፍቻ ግዴታ ነው። የብዙ ሳይክሎች የኋላ ጎማ ዳዶና ፔዳል በእሱ ይፈታል። 10 እና 13 ቁጥር ጨምሩ። አዲሶቹ ሳይክሎች ደግሞ ባለ ስድስት ጠርዝ የታጠፈ መፍቻ ይፈልጋሉ፤ 4፣ 5 እና 6 ቁጥሩ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ ላስቲክ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የተቀደደ ካናቴራ። ከዚህ በላይ አትግዙ። ሲያስፈልግ ታውቁታላችሁ።

የተነፈሰ ጎማ

ይህን በደንብ ቻሉት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀላል።

1. ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት የቫልቮላውን አፍ በምራቅ ወይም በሳሙና ውሃ ንኩት። አረፋ ከሠራ ችግሩ እዚያው ነው፤ ጎማ ማውለቅ ላያስፈልግ ይችላል። የመኪና ዓይነት ቫልቮላ ከሆነ የውስጡን ፍሬ አጥብቁ። በአሮጌዎቹ ሳይክሎች ላይ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውስጡ በቀጭን ላስቲክ የተሸፈነ ዘንግ አለ። ያቺ ላስቲክ ስትደርቅ ንፋስ አትይዝም። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም፤ ቀይሯት።

2. ቫልቮላው ደህና ከሆነ ሳይክሉን ገልብጡና ጎማውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሚስማር፣ ሽቦ፣ የግራር እሾህ በዓይን ከታየ ወዲያው አትንቀሉት። መጀመሪያ ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳው የት እንዳለ ነግሯችኋልና።

3. ፍሬኑን አላሉት፣ የጎማውን ሁለት ዳዶዎች ፍቱ። የኋላው ጎማ ከሆነና ሳይክሉ ባለ ማርሽ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ካቴናውን፣ ሰንሰለቱን፣ ወደ ትንሹ ጥርስ፣ ማለትም ወደ ትንሹ ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ አውርዱት። ሲወጣም ሲገባም ይቀላል።

4. የቀረውን ንፋስ ጨርሳችሁ አስወጡ። የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በጣት እየገፋችሁ ወደ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ክብ) መሃል፣ ወደ ጎድጓዳው አስገቡት። ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘለው ነው ከጎማ ጋር የሚታገለው። ጠርዙ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ በሌላው በኩል ትርፍ ይገኛል። ከቫልቮላው ትይዩ ጀምራችሁ በጎማ ማውለቂያ ፈልቅቁት። ማውለቂያ ከሌላችሁ የወፍራም ማንኪያ እጀታ ይሠራል። በካቻቢቴ አትሞክሩት። አንድ ቀዳዳ ልትለጥፉ ገብታችሁ ሁለት ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

5. የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ አውጥታችሁ ከወትሮው ወፈር እስኪል ንፉት። መጀመሪያ ጉንጫችሁ አጠገብ አዙሩት፤ ቀጭን ንፋስ በቆዳ ይታወቃል። ካልተገኘ ሳፋ ውስጥ በውሃ እየነከራችሁ አረፋ ፈልጉ። አንድ ቀዳዳ አገኘሁ ብላችሁ አታቁሙ። ዙሩን ጨርሱ።

6. አሁን ቀዳዳው ይናገራል። አንዲት ነጥብ ከሆነች እሾህ ነው። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ትንንሽ ስንጥቆች ከሆኑ፣ ጎማው ንፋስ አንሶት ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ላይ ተቆንጥጧል ማለት ነው። በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ ቸርኬውን የወጠረው የሽቦ ጫፍ ወግቶታል። የቸርኬውን ሆድ የሚሸፍነው ቀበቶ ተነሥቷል ማለት ነው፤ አስተካክሉት ወይም በወፍራም የጨርቅ ፕላስተር ዙሩበት።

7. ካላማዳሪውን በቫልቮላው አቅጣጫ ከውጭው ጎማ ጋር አስተያዩት። ቀዳዳው የት ላይ እንደሚያርፍ ታያላችሁ። እሾሁ እዚያው አካባቢ ነው። ጥጥ ወይም ቀጭን ጨርቅ በጎማው ሆድ ውስጥ አስኪዱ፤ እሾሁ ጥጡን ይይዘዋል። በባዶ ጣት ከሆነ ቀስ በሉ።

8. ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት። ከመለጠፊያው ሰፋ ይበል። ብናኙን ጥረጉ። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ወፍራም ማስቲሽ ቶሎ አይደርቅም። ከዚያ ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል። ጠርዙን በጣት ስትነኩት እርጥበቱ ጠፍቶ ትንሽ ብቻ ሲይዝ ደርሷል። በአፍ «እፍ» አትበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ የምትለጥፉ ከሆነ እሱንም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ እሱንም ቀቡ፣ ሁለቱም ይድረቁ።

9. መለጠፊያውን ከመሃል ወደ ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ አጥብቃችሁ ጫኑት። የተረፈውን ማስቲሽ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱ፤ አለዚያ ከውጭው ጎማ ጋር ይጣበቃል።

10. ካላማዳሪውን ክብ እስኪሆን ብቻ ነፍታችሁ አስገቡ። ቫልቮላው ቀጥ ብሎ ይቁም። ጠርዙን በመዳፍ እየገፋችሁ መልሱ፤ መጨረሻው ቫልቮላው ጋ ይሁን። ቫልቮላውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ዙሪያውን ጎማውን ወደ ጎን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። የተቆነጠጠ ካላማዳሪ ብቅ ካለ ንፋስ ስትሞሉ ይፈነዳል። ግማሽ ሙሉ፣ ጎማው ሳይዛነፍ መቀመጡን እዩ፣ ከዚያ ጨርሱት።

የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ አትዘኑ። አምስተኛው ላይ ሃያ ደቂቃ ይሆናል።

ስለ ንፋሱ ልክ አንድ ነገር ልጨምር። የጎማው ጎን ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ በጭቃ ስለሚሸፈን አናየውም እንጂ። ሰፋ ባለው ባለ 26 ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል። በባር ከተጻፈ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነው። ለአስፋልት ወደ ላይኛው ቁጥር፣ ለኮረኮንችና ለኮብልስቶን ወደ ታችኛው ጠጋ በሉ። ከታችኛው ግን አትውረዱ። ነዳጅ ማደያ የምትሞሉ ከሆነ በጣም አጫጭር አድርጋችሁ ልቀቁ። የሳይክል ጎማ ትንሽ ንፋስ ነው የሚይዘው፤ በሴኮንዶች ውስጥ ልኩን ያልፋል። ደህና ጎማም ቢሆን ቀስ በቀስ ንፋስ ያጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት።

ካቴና

ሲጮህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ባለቤቱ ግን ለምዶት አይሰማውም። የደረቀ ካቴና ጉልበት ይበላል፣ ጥርሱንም ይበላል። የአብዛኛው ሰው ስህተት ግን ዘይት ማነስ አይደለም። ቆሻሻ ላይ ዘይት መጨመር ነው። አቧራና ዘይት ሲደባለቁ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፈገፍጉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት። ጨርቁን ትንሽ ላምባ ነክሩት፣ ካቴናውን በእጃችሁ ጨብጡት፣ በሌላው እጅ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ጨርቁ ጥቁር ሲሆን ቀይሩት። በየመጋጠሚያው የገባውን በጥርስ ብሩሹ አውጡ። ይህን ደጅ ላይ ሥሩ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ፈጽሞ አይሆንም። ቤንዚን ደግሞ ከነጭራሹ አትጠቀሙ። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ጥሩ ፀሐይ ካለ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

አሁን ዘይት። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ፣ በውስጠኛው በኩል። አንድ ዙር ሲሞላ ፔዳሉን ጥቂት አዙሩና አሥር ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ውጭውን በደንብ ጥረጉት። «ገና አሁን ቀብቼ ልጥረገው?» ትሉ ይሆናል። አዎ። ዘይቱ የሚፈለገው መጋጠሚያው ውስጥ ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም።

የሳይክል ካቴና ዘይት ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ካልተገኘ ንጹሕ የሞተር ዘይት በጣም በጥቂቱ ይሆናል። የስፌት መኪና ዘይትም ይሠራል፣ ግን ስስ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መድገም አለባችሁ። ከጋራዥ በነፃ የሚሰጠውን የተቃጠለ ዘይት ተዉት፤ ጥቀርሻና የብረት ብናኝ አለበት። የምግብ ዘይት ደግሞ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል።

ካቴናው ያለቀ መሆኑን በማስመሪያ ታውቃላችሁ። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 ቁራጮች ቁጠሩ፤ ከፒን እስከ ቀጣዩ ፒን አንድ ቁራጭ ነው። አዲስ ካቴና በትክክል 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ባለ ማርሽ ሳይክል ላይ 306.5 አካባቢ ከደረሰ ቀይሩት። 308 ካለፈ ካቴናው ብቻ አይደለም፤ የኋላውም ጥርስ አብሮ አልቋል። አዲስ ካቴና ያለቀ ጥርስ ላይ ብታስገቡ ስትረግጡ ይዘላል። በጊዜ የተቀየረ ርካሽ ካቴና ውዱን ጥርስ ያድናል።

ማርሽ የሌለው ሳይክል ከሆነ ውጥረቱን እዩ። በሁለቱ ጥርሶች መሃል ካቴናውን በጣት ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ፔዳሉን አንድ ሙሉ ዙር እያዞራችሁ በጣም የሚወጠርበት ቦታ ላይ ለኩት። ከላላ የኋላውን ዳዶዎች ፈታ አድርጋችሁ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ጎማው መሃል መቆሙን አይታችሁ በየተራ አጥብቁ።

ፍሬን

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጎማ ቢተነፍስ ትገፋላችሁ። ፍሬን ሲከዳ ግን የምትቆሙበትን አትመርጡም። ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ የኋላ ፍሬን ካቦ እጄ ላይ ተበጥሷል። የፊቱ ባይኖር ኖሮ አባይ ድልድይ ድረስ አልቆምም ነበር። ቤት ስገባ አየሁት። ከክሮቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው አዲስ የተበጠሱት፤ የሌሎቹ ጫፍ ዝጎ ነበር። ለሳምንታት አንድ በአንድ ሲበጠሱ አላየሁም።

ስለዚህ ካቦውን እዩ፣ በተለይ ከእጀታው የሚወጣበትንና ታች በብሎን የሚታሰርበትን። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ቀይሩት። ቀጥሎ ላስቲኩን። ላዩ ላይ የተቆረጡ መስመሮች አሉ፤ እነሱ ሲጠፉ ላስቲኩ አልቋል። ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት። ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ዝቅ ካለ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። ከቸርኬው ያለው ርቀት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሲይዝ የሚጮህ ከሆነ የላስቲኩ የፊት ጫፍ ከኋላው በጥቂቱ ቀድሞ እንዲነካ አድርጋችሁ እሰሩት። አንድ የታጠፈ ወረቀት በኋላ ጫፉ ሥር አስገብታችሁ ብታጠብቁት ልኩ ይመጣል። ቸርኬውንም በሳሙና ውሃ እጠቡ። ዘይት ከነካው ፍሬን የለም ማለት ነው።

እጀታውን ስትጨብጡ መሪውን መንካት የለበትም። ከቀረበ ካቦው የሚገባበትን የምትዞር ዳዶ ወደ ውጭ ፈታ ፈታ አድርጉ፤ ካቦው ይወጠራል። እሱ ካልበቃ ታች ያለውን ብሎን ፈትታችሁ ካቦውን በፒንሳ ሳቡና መልሳችሁ እሰሩ። ከዚያ ቆማችሁ ባላችሁ ኃይል ደጋግማችሁ ጨብጡት። ካቦው የሚንሸራተት ከሆነ ግቢ ውስጥ ይንሸራተት።

የተገዛ ወይም የተዋሳችሁት ሳይክል ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው እጀታ የፊት እንደሆነ ሞክሩ። ሁሉም ሳይክል አንድ አይደለም።

የሚወላገድ ጎማ

ጎማውን አንሥታችሁ አዙሩና የፍሬን ላስቲኩን እያያችሁ ጠብቁ። ቸርኬው አንዱ ላስቲክ ጋ የሚጠጋ ከሆነ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጨበጥ ጨበጥ አድርጉ። የላላው ይታወቃል። ቸርኬው ወደ ግራ ከሄደ፣ እዚያው ቦታ ላይ ከቀኝ በኩል የሚመጣውን ሽቦ ነው የምታጠብቁት። ሩብ ዙር ብቻ። አዙራችሁ እዩ፣ ከዚያ እንደገና ሩብ ዙር። ወደየት ሲዞር እንደሚጠብቅ ከጠፋችሁ ሽቦውን እንደ ክራር ክር ምቱት። ድምፁ ከቀጠነ ጠብቋል፣ ከወፈረ ላልቷል። አጎንብሶ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ቸርኬ ግን በሽቦ አይስተካከልም። ቀይሩት።

ብሎኖችና ፔዳል

ኮብልስቶን ብሎን ይፈታል። በወር አንድ ጊዜ መሪውን፣ መቀመጫውን፣ የጎማ ዳዶዎቹንና የፍሬን ብሎኖቹን በመፍቻ ነካ ነካ አድርጉ። የላላ ብቻ ይጥበቅ፤ የጠበቀውን አታስጨንቁ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ስትገፉት መሪው ሥር «ቃ ቃ» ካለ እዚያ ያለው ኩሽኔታ ላልቷል።

ፔዳል ላይ ተጠንቀቁ። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን ሳላውቅ የወንድሜን ሳይክል የግራ ፔዳል በጉልበት አስገብቼ የብሎን ጥርሱን ፈጅቻለሁ። ፔዳሉ የሚታሰርበት መግፊያ ብረት በሙሉ ተቀየረ። ጥርሱን ጥቂት ግሪስ ቀቡ፣ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ዙሮች በጣት አስገቡ። በጣት እምቢ ካለ ቦታው አይደለም።

ክረምት ሲገባ

ጭቃው ሳይደርቅ በባልዲና በጨርቅ እጠቡት። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታስመቱት፤ ውሃው ግሪሱን ገፍቶ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ታጥቦ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንጠር አንጠር አድርጉት፣ ካቴናውን ጥረጉ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ። በበጋ በወር የምታደርጉት የካቴና ዘይት በክረምት በየሳምንቱ ይሁን። ዝናብ ላይ ስትነዱ ቀድማችሁ ፍሬን ነካ ነካ አድርጉ። የረጠበ ቸርኬ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ውሃውን ለመጥረግ ብቻ ነው የሚጨርሳቸው።

ስታጥቡ ፍሬሙንም በእጃችሁ ዳሱት፤ በተለይ ቱቦዎቹ የሚገናኙበትን። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ በጥፍር ሞክሩት። ጥፍር ከያዘ ስንጥቅ ነው። ያን ቀን አትንዱት፤ እየገፋችሁ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።